ቅዳሴው እንዳይታጎል

ነሐሴ 24

የዘንድሮን ጾመ ፍልሰታ ያሳለፍሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ በምትገኝ፣ ክርስትና በተነሣሁባት አንዲት ትንሽ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነው። የዓመት ፈቃዴን ይዤ ከአዲስ አበባ ስነሣ ሐሳቤ ከጫጫታው ርቄ ሁለት ሳምንት ሱባኤ ለመያዝ ነበር። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ መንገዱ የግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም፤ እኔ ግን በዚያች ደብር ከጾምሁ 12 ዓመት አልፎኛል። ለልቅሶና ለሠርግ ብቅ ብዬ ተመልሻለሁ እንጂ ውዬ አድሬ ያስቀደስሁበት ጊዜ አልነበረም። ያየሁትና የሰማሁት ሳይደበዝዝብኝ ልጽፈው ዛሬ ተቀምጫለሁ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ክብ ናት፤ የሣር ክዳኗ በቆርቆሮ የተተካው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ዙሪያዋን ጽድና ወይራ ከቧታል፤ ከትልቁ ወይራ ላይ ሁለት ረዣዥም ድንጋዮች በጠፍር ተንጠልጥለው እንደ ደወል ያገለግላሉ። ድምፃቸው እንደ ብረት ደወል አይጮኽም፤ ነገር ግን በነሐሴ ጉም ውስጥ ከወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማል። የሰበካው አባወራ መቶ አይሞላም። አገልጋዮቹ ሁለት ቀሳውስት፣ አንድ መሪጌታና ሦስት ዲያቆናት ሲሆኑ፣ ከዲያቆናቱ ሁለቱ ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች ናቸው። ቀሳውስቱ እንደ ማንኛውም ገበሬ አርሰው ያድራሉ፤ ሌሊት ማኅሌት ቆመው ጠዋት ባቄላ ሲያርሙ አይቻቸዋለሁ።

ቅዳሴ ከ5 ሰው በታች አይገባም። ሠራዒው (ዋናው) ካህን፣ ንፍቁ (ረዳቱ) ካህን፣ ሠራዒው ዲያቆን፣ ንፍቁ ዲያቆንና ፋኖስ የሚይዘው ዲያቆን፣ እነዚህ አምስቱ ካልተሟሉ መሥዋዕት አይቀርብም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ክብደቱ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው። አዲስ አበባ በማስቀድስበት ትልቅ ደብር ልዑካኑ በተራ ስለሚመደቡ አንዱ ቢቀር ሌላው ይተካል፤ እኔም ብቀር ከአውደ ምሕረቱ ሞልቶ እስከ አስፋልቱ በሚቆመው ሕዝብ መካከል ማንም አያውቅብኝም። እዚህ ግን መሪጌታው ቅዳሴ ስለማይገቡ ስድስተኛ ሰው የለም። አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ዘመድ ቢሞትበት፣ ወንዝ ቢሞላ ቅዳሴው ይታጎላል።

የጾሙ ቀን ሥርዓት እንዲህ ነው። በሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ሊነጋጋ ሲል ኪዳን ይደርሳል፤ ከዚያ መሪጌታው የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ያስተምራሉ፤ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ገብቶ ወደ 9 ሰዓት ይወጣል። ሰው ሁሉ እስከዚያ ድረስ ምንም አይቀምስም። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ግድግዳ ተደግፈው እያንቀላፉ ይጠብቃሉ። ወደ ሥጋ ወደሙ ሲቀርቡም ያየሁት እነርሱንና ሽማግሌዎቹን ነው። በመካከል ያለነው፣ ጉልበት ያለን፣ ትዳርና ሥራ የያዝነው፣ ቆመን እናስቀድሳለን እንጂ አንቀርብም። ይህ በከተማም ሆነ በገጠር አንድ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።

ስለ መገበሪያው ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። ለኅብስቱ የሚሆነውን ስንዴ የሚለቅሙት አንዲት እማሆይ ናቸው፤ ጎጇቸው ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት ከቤተልሔሙ ጥግ ናት። ከሰዓታት በኋላ ብርሃን ለመቅላት ሲጀምር ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ስንዴውን በጣታቸው ነው የሚያዩት፤ አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሽከረክሯታል፤ የተሰበረች ከሆነች ወደ ግራ፣ ሙሉ ከሆነች ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ከንፈራቸው አያርፍም፤ ይጸልያሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ላግዛቸው ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ተወው ልጄ፣ አንተ ትቸኩላለህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የአንድ ቀን መገበሪያ ለቅመው እስኪጨርሱ ፀሐይዋ ከጽዱ በላይ ትወጣለች።

ትምህርቱ የሚሰጠው ዝናብ ከሌለ ከወይራው ሥር፣ ካለ ደግሞ በደጀ ሰላሙ ውስጥ ነው። የኔታ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ግእዙን በንባብ ያወርዱና ነጠላ ትርጉሙን ከሰጡ በኋላ «አንድም» እያሉ ያፍታቱታል። የመጀመሪያው ሰኞ የተጀመረው እንደ ሁልጊዜው «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ» ከሚለው ነው፤ ልቡ ያዘነውንና የተከዘውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው፣ ወደ ቀድሞ መንበሩም ሊመልሰው ጌታ ወደደ ማለት ነው። የኔታ ቆም ብለው፣ ማዘኑ ከተነገረ መተከዙ ለምን ተጨመረ ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ኀዘን በጠፋው ነገር ነው፤ ትካዜ ግን ሰው መመለሻውን ሲያስብ የሚመጣበት ነው፤ አዳም ያዘነ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከገነት ውጭ ተቀምጦ ይቀር ነበር፤ መተከዙ ግን መንገዱን እየፈለገ መሆኑን ያሳያል አሉ። ይህን ሲናገሩ ማንንም አላዩም፤ እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሁን ስለ ራሴ ልጻፍ። እኔ ዲያቆን ነኝ። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ክህነት ተቀብዬ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ በዚያችው ደብር ቀድሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አቋረጥሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በተክሊል ስላገባሁ ክህነቴ አልፈረሰም፤ ነገር ግን በመቅደስ ከቆምሁ ዘመን ሆኖኛል። ዛሬ ነገ ስል ዓመታቱ ሄዱ። ምክንያት ብደረድር መደርደር እችላለሁ፤ ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ የከተማው ደብር አገልጋይ ሞልቶታል። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን በነሐሴ 9 አልጠቀመኝም።

ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ኪዳን ላይ ካህኑ መስተብቍዑን፣ የምልጃውን ጸሎት፣ ሲያደርሱ ስለ ሕሙማን፣ ስለ ነጋድያን፣ ስለ ዝናማት፣ ስለ ወንዞች ውኃ ጸለዩ። 6 ሰዓት ሆነ፤ ድንጋዮቹ ተደወሉ፤ ሕዝቡ ገባ፤ ከልጆቹ ዲያቆናት አንዱ ግን አልመጣም። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። አንድ ሰው ወርዶ አይቶ ተመለሰና ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ መሙላቱን፣ ልጁም ማዶ ቆሞ መጣራቱን ነገረን። ያኔ የንስሐ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ላይ ቁጣም ልመናም አልነበረም፤ በሰፌዱ ላይ የቀረ አንድ ሙሉ ፍሬ ያገኙ ይመስል ነበር።

«አንተስ? ክህነትህ እንዳለ ነው።»

«ጠዋት ዘመድ ቤት ቡና ቀምሻለሁ፣ አባቴ» አልሁ።

ለቅዳሴ 18 ሰዓት መጾም እንደሚገባ የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። የንስሐ አባቴ በዝግታ ራሳቸውን ነቅንቀው «ግድ የለም፣ እንጠብቃለን» አሉ፤ ተመልሰውም ወደ መቅደስ ገቡ። ብጾም እንኳ ንስሐ ሳልገባ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ በአንድ ጊዜ እንደማያስገቡኝ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ጥያቄው ግን ቀረበልኝ፤ መልሴም ቡና ሆነ። በሕይወቴ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ሰዓት ያለ ግን አላስታውስም። አንድ የጎደለ ሰው ነበር፤ የጎደለውም ማዶ ያለው ልጅ ብቻ አልነበረም።

ሦስት ጎልማሶች ገመድና ዱላ ይዘው ወረዱ። ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሴቶቹ በበራቸው በኩል ተጠጋግተው ቆሙ፤ ልጆቹ ጋቢ ለብሰው አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ልጁ በአንዱ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በቅጽሩ በር ገባ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል፤ ነጠላውን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ስለነበር ጠብታ አልነካውም። እማሆይ በጋቢያቸው እግሩን አበሱለት። ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል ከኋላ ሆኜ አለቀስሁ፤ ከእኔም በቀር የሚያለቅሱ ነበሩ። ቅዳሴው ሲወጣ መሽቶ ነበር፤ የቅዳሴ ጠበላችንን ጠጥተን በጨለማ ወደየቤታችን ሄድን።

በማግሥቱ ሰፌዳቸው አጠገብ ስቀመጥ እማሆይ ሳልጠይቃቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። ካህኑ ስለ ነጋድያን ሲጸልዩ፣ ማለትም ስለ መንገደኞች፣ እርሳቸው በልባቸው ከደብሯ የወጡትን ልጆች በየስማቸው ይጠራሉ። አዲስ አበባ ያለውን፣ ዐረብ አገር የሄደችውን፣ የት እንደደረሰ የማይታወቀውን። «አንተም ከመንገደኞቹ ነህ፤ 12 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልዘለልሁህም» አሉኝ። ማንም አያውቅብኝም እያልሁ ስኖር በየማለዳው ስሜ ይጠራ ኖሯል። በዚያው ቀን ንስሐ ገባሁ፤ ቀኖናዬንም ተቀበልሁ።

የቀሩትን ቀናት በአጭሩ ላስቀምጣቸው። በ13 ደብረ ታቦር ስለሆነ ልጆቹ ጅራፋቸውን ሲያጮሁና ሙልሙላቸውን ሲሰበስቡ ዋሉ። የጽዋ ማኅበሩ አባላት ወንዙ ላይ ግንድ ለመጣል ተማከሩ፤ ሁለት ግንድ ያለው ሰውም እዚያው ተገኘ። በጾሙ መጨረሻ የኔታ የፍልሰታን ታሪክ አስተማሩ። ሐዋርያው ቶማስ ከሕንድ በደመና ሲመለስ እመቤታችንን ስታርግ እንዳገኛት፣ ለምልክት ሰበኗን፣ የተገነዘችበትን ጨርቅ፣ እንደሰጠችው፣ ሌሎቹም ይህን ለማየት በዓመቱ ከነሐሴ 1 ጀምረው ሱባኤ እንደያዙ፣ በ16ኛውም ቀን ጌታችን ራሱ ሠራዒ ካህን ሆኖ፣ ጴጥሮስን ንፍቅ ካህን፣ እስጢፋኖስን ዲያቆን አድርጎ ቀድሶ እንዳቆረባቸው ተረኩልን። በቶማስ ልጽናና ፈልጌ ነበር፤ ቀርቶ የነበረው እርሱ ነውና ከሁሉ በፊት ያየው። የኔታ ግን አንድ ነገር አከሉ፤ ቶማስ የዘገየው ስብከት ላይ ሆኖ ነው፣ ከአገልግሎት ወደ አገልግሎት ሲመጣ ነው የተገናኙት አሉ። እኔ የዘገየሁት ከምን ላይ ሆኜ እንደሆነ ጠይቄ ራሴን መለስ ብዬ ተመለከትሁ።

በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ከከተማ ልጆች ስለሚላከው ገንዘብ ሲነገር ሰምቻለሁ። ቆርቆሮው ከእኛ ነው፤ አጥሩም ከእኛ ነው፤ ሰው ይህን በምስጋና ይናገራል፤ ምስጋናውም የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ነሐሴ 9 የጎደለው ቆርቆሮ አልነበረም። ፊደል ከዚያ ደጅ ቆጥረን፣ መልእክተ ዮሐንስን ከዚያ አንብበን፣ ዳዊት ደግመን የወጣን ስንት ነን? ልጆቹ ዲያቆናትም ትምህርታቸውን ለመቀጠል ከጥቂት ዓመት በኋላ መሄዳቸው አይቀርም፤ እንዳይሄዱ መፍረድም ተገቢ አይደለም። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተፈራረቅን ብንሄድ ግን የሚጎድለው ቦታ እንደሚሸፈን በጣቴ ቆጥሬ አይቻለሁ። ክህነት ያላቸው አራት አብሮ አደጎቼ አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ለሁሉም ደውያለሁ፤ ሁለቱ እሺ ብለዋል።

ስመለስ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ለቅዳሴው ወይን የሚሆነው ዘቢብ እያለቀ መሆኑን ነገሩኝ። ትናንት መርካቶ ሄጄ 3 ኪሎ ገዛሁ፤ ጧፍና ዕጣንም ጨመርሁበት። በጨርቅ ቋጥሬ ከመጻሕፍቴ በላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ልጄ ምን እንደሆነ ጠይቃኝ ነግሬአታለሁ። ቀኖናዬ ከመስከረም 21 በፊት ያልቃል። መስከረም 20 ጠዋት አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮም ምንም አልቀምስም።