የወገቤ መዝገብ

ዛሬ እሑድ ነው። ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ሳሎን ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ፣ እግሮቼን ወንበር ላይ ሰቅዬ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ባለቤቴ በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልታ፣ በፎጣ ጠቅልላ ከወገቤ ሥር አስገባችልኝና «ዛሬስ ስንት ሰጠኸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ለሌላ ሰው ግራ ያጋባ ይሆናል፤ በእኛ ቤት ግን ከጥቅምት ወዲህ የሰላምታ ያህል ተለምዷል። የሒሳብ መምህር ነኝና ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ እየሰጠሁ በየማታው በአንዲት ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። ለዛሬ አራት ሰጠሁት።

ቆሜ ማስተማር ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ስለሆነ ይህ ብቻውን አራት ሰዓት ነው። ጠዋት ከአያት እስከ ሜክሲኮ በባቡር ተጨናንቄ የምቆመውና ማታ ታክሲ ስጠብቅ የምሰለፈው ሲጨመርበት፣ ከምተኛበት ሰዓት የምቆምበት ሳይበልጥ አይቀርም። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቅ የሚለው በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ገደማ ነበር፤ ከቀበቶዬ ከፍ ብሎ፣ ከአከርካሪዬ ግራና ቀኝ፣ አንድ ሰው ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ተክሎ የሚጫነኝ ይመስለኝ ነበር። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ከሰሌዳው አናት ላይ ለመጻፍ እጄን ባነሣሁ ቁጥር ወገቤ ሊቆረጥ የደረሰ ስለሚመስለኝ፣ ቀመሩን እኩሌታው ላይ አቁሜ ጠመኔውን ለአንዱ ተማሪ እየሰጠሁ «ና፣ አንተ ጨርሰው» ማለት አበዛሁ። ልጆቹ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ያመጣሁ መሰላቸው፤ እኔም አላረምኳቸውም።

መካሪ አልጠፋም። አንዱ ዲስክ ነው አለኝ፣ ሌላው ኩላሊት ነው አለኝ፣ አክስቴ ደግሞ ብርድ ገብቶብህ ነው ብላ ወደ ወጌሻ ወሰደችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ሲያሸኝ ለሁለት ቀን ያህል ቀለል አለኝ፤ በሦስተኛው ቀን እንደነበርኩ ሆንኩ። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በራሴ ፈቃድ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ከዋጥኩ በኋላ ወገቤ ትንሽ ሲሻለው ጨጓራዬ ተነሣብኝ፤ በአንድ ሕመም ፋንታ ሁለት ያዝኩ ማለት ነው። ጠንካራ የወገብ ቀበቶም ገዝቼ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን ቀበቶ እንደማይመክር ያነበብኩት ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው። እዚያው ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 619 ሚሊዮን ሰው በታችኛው የወገብ ክፍል ሕመም ይሠቃይ እንደነበር ሳነብ፣ ለምን እንደሆነ ባላውቅም፣ ትንሽ ተጽናናሁ።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሄድኩ። ከገባሁበት ደቂቃ ጀምሮ ራጅ እንድነሣ ካላዘዘችልኝ ብዬ ብጨቃጨቃትም እሷ አልቸኮለችም። በጣቶቼ ጫፍ፣ ቀጥሎም በተረከዜ አስኬደችኝ፤ አስተኝታ እግሬን ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ አነሣችው። «መምህር፣ ሽንትዎን መቆጣጠር አስቸግሮዎት ያውቃል? ብልትዎ አካባቢ ወይም መቀመጫዎ ላይ መደንዘዝ ይሰማዎታል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳትስ?» ስትለኝ፣ ልጄ የምትሆን ሴት እንዲህ ያለ ነገር በመጠየቋ ፊቴ ጋለ። ምክንያቱን ግን ወዲያው አስረዳችኝ። ሽንት መቆጣጠር ማቃት፣ እዚያ አካባቢ መደንዘዝና የእግር መዛል ነርቭ ክፉኛ መጨፍለቁን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ፣ በዚያኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስን ይጠይቃሉ። ትኩሳት፣ ላብና መክሳት ደግሞ፣ በአገራችን ብዙ ከሚያጋጥሙት መካከል፣ የአከርካሪ ነቀርሳን (ቲቢን) ያስጠረጥራሉ። ከእነዚህ አንዱም አልነበረብኝም። «ራጅ ቢነሡ በእርስዎ ዕድሜ አንድ ነገር መታየቱ አይቀርም» አለችኝ፤ «የሚታየው ሁሉ ግን የሚያምዎት ነገር ነው ማለት አይደለም።» ይህ አባባል የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰል ልቤ ውስጥ ገባ። ደብተሩን የጀመርኩትም በእሷ ምክር ነው።

ደብተሩ ያሳየኝን ነገር ራሴ አልጠበቅኩትም። እኔ ጠላቴ መቆምና መሄድ ሁለቱም ናቸው ብዬ ደምድሜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ መውጣቱን ሁሉ ለባለቤቴ ትቼላት ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከነጥቡ ጎን ስንት ደቂቃ አንድ ቦታ እንደቆምኩና ስንት ደቂቃ እንደተራመድኩ ለየብቻ ስጽፍ ግን፣ ሰባትና ስምንት ያገኙት ቀኖች በሙሉ ረጅም ሰልፍ የያዝኩባቸው ወይም ፈተና ስቆጣጠር በር ላይ እንደ ምሰሶ ተገትሬ የዋልኩባቸው ሆነው ተገኙ። ታክሲ ጠፍቶ ከሜክሲኮ እስከ እስጢፋኖስ በእግሬ ሄጄ ባቡሩን ከዚያ የተሳፈርኩበት ረቡዕ ግን ያገኘው ሦስት ብቻ ነው። ሰው ተገትሮ ሲቆም እነዚያው የወገብ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ተወጥረው ይቆያሉ፤ ሲራመድ ደግሞ ሥራውን ግራና ቀኙ እየተቀባበሉ ይጋሩታል። አውስትራሊያ ውስጥ ከወገብ ሕመም ባገገሙ 701 ሰዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናትም ለዚህ ይቀርባል፤ በባለሙያ እየታገዙ ቀስ በቀስ የእግር ጉዞ ከጀመሩት ግማሾቹን ሕመሙ ሳይመለስባቸው 208 ቀን ሲያልፍ፣ ካልጀመሩት ወገን የነበረው ቁጥር 112 ቀን ነው።

ይሁንና ይህን ለሁሉም ሰው አልመክርም። እናቴ ትንሽ መንገድ እንደሄደች እግሯ ይደነዝዝና ቁጭ ስትል ወይም ጎንበስ ስትል ይለቃታል፤ የእሷ ሕመም ሐኪሙ እንዳለው የነርቭ መተላለፊያው መጥበብ ነው፤ እሷን «ተራመጂ፣ ይሻልሻል» ማለት ግፍ ይሆናል።

መራመዱን በዚህ ፈታሁት። የመቆሙ ነገር ግን ሥራዬ ነውና ልሸሸው አልችልም። ፊዚዮቴራፒስቷ የነገረችኝ ዘዴ እጅግ ቀላል ከመሆኑ የተነሣ መጀመሪያ ንቄው ነበር፤ አንድ እግርን ዝቅ ባለ ነገር ላይ ማሳረፍና በየጥቂት ደቂቃው እግር መለዋወጥ ነው። ሁለቱም እግሮች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ከወገብ አጥንት ተነሥቶ ጭን ላይ የሚያርፈው ጡንቻ ተወጥሮ ወገብን ወደ ፊት ይስባል፤ አንዱ እግር ከፍ ሲል ይላላል። ከትምህርት ቤቱ የአጥር ግንባታ የተረፈች ባለ 10 ሳንቲ ብሎኬት አግኝቼ በሰሌዳው ሥር አጋደምኳት። እሷ ላይ ቀኝ እግሬን አሳርፌ የመጀመሪያውን እኩልታ ስጽፍ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን «ቲቸር፣ እግር መቀየሪያዎ ደርሷል» የሚለኝ ልጅ አገኘሁ። ቆዳ ሶል የነበረውን ጫማዬንም ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ በሆነ ቀየርኩት፤ ሲሚንቶ ወለል ላይ ለሚውል ሰው ይህ እንደ ቅንጦት ሊቆጠር አይገባም።

ይህንን ሁሉ እንደ አዲስ ግኝት ስቆጥር ቆይቼ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አፈርኩ። ቅዳሴው ከተጋመሰ በኋላ ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳመላልስ ያዩኝ አንድ አባት መቋሚያቸውን አቀበሉኝ። እኔም ለክብራቸው ያህል ተቀብዬ በእጄ ይዤው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጥቂት አይተውኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ለጌጥ አይደለም እኮ፤ ተደገፈው» አሉኝ። የመቋሚያውን ራስ ብብቴ ሥር አስገብቼ ስደገፈው፣ የወገቤ ጭነት በእንጨቱ በኩል ወደ መሬት ሲወርድ ተሰማኝ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው የሚያድሩ ሊቃውንት በመቋሚያ እየተደገፉ፣ በዝማሜው ደግሞ ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዙ ነው የሚያነጉት። ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁት፣ ለሰውነት ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳን አስቤው አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የከበደኝ ወንበሩ ነው። ተቀምጦ የሚያስተምር መምህር በእኛ ዘንድ ሰነፍ ነው የሚባለው፤ እኔም ራሴ ወጣት ሳለሁ የሚቀመጡ ባልደረቦቼን ከጀርባቸው አምቻለሁ። ልጆቹ መልመጃ በሚሠሩባቸው አሥር ደቂቃዎች ቁጭ ማለት ስጀምር፣ አንድ የሥራ ኃላፊ በመስኮት አይቶኝ «መምህር፣ ደከመዎት እንዴ?» አለኝ። ቃሉ የጤና ጥያቄ ነው፤ ድምፁ ግን አልነበረም። ተነሣሁ። በዚያን ቀን ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሰባት ነው፤ ከጎኑም «ይሉኝታ» የሚል ቃል አለበት። በማግሥቱ ከፊዚዮቴራፒስቷ ያመጣሁትን ወረቀት ቢሮው ድረስ ወስጄ አሳየሁትና ከዚያ ወዲህ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ አልነሣም፤ ልቤ ግን አሁንም ትንሽ ይደነግጣል።

ሃይላንዱ ቀዝቅዟል። ነገ ስድስቱም ክፍለ ጊዜ አለብኝ፤ ዓርብ ዕለት ክፍሉ ሲጸዳ ብሎኬቷን አውጥተው በር ማስደገፊያ ሲያደርጓት አይቼአለሁና፣ ደወል ሳይደወል ደርሼ ማስመለስ ይኖርብኛል።