ለሚዲየም ፎርማት ፊልም ስካነር የመረጥኩበት መንገድ

ስካነር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዲፒአይ ቁጥር (በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንደሚያነብ) ላይ ነው። እኔ ግን ከሌላ ጥያቄ ጀመርኩ፦ ፎቶውን በምን ያህል መጠን ነው የማሳትመው? ይሄ ከታወቀ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከሚዲየም ፎርማት (ከተለመደው 35 ሚሊሜትር የሚሰፋ ፊልም) መጠኖች አንዱ የሆነው የ6 በ6 ሴንቲሜትር ኔጋቲቭ ስሙ 6 ይባል እንጂ ምስሉ ያለበት ቦታ በየጎኑ 56 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ 2.2 ኢንች መሆኑ ነው። በእውነተኛ 2300 ዲፒአይ ከተነበበ በየጎኑ 5000 ፒክስል አካባቢ ይሰጣል፣ 25 ሜጋፒክስል። ይሄን በ300 ዲፒአይ ስታሳትሙት 42 በ42 ሴንቲሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፎቶ ይወጣል። ግድግዳ ላይ ለምሰቅለው ይበቃኛል።

2300ን ዝም ብዬ አይደለም ያነሳሁት። ኤፕሰን ቪ850 የተባለው ስካነር ላይ 6400 ተብሎ ቢጻፍም፣ በመለኪያ ሰሌዳ የፈተሹት ሰዎች ያገኙት እዚያው 2300 አካባቢ ነው። የቪ600 ደግሞ ወደ 1500 ይወርዳል፣ እሱም ላይ የተጻፈው ግን ያው 6400 ነው! በ6400፣ በ16 ቢት ቀለም ስካን የተደረገ አንድ ፍሬም ከ1 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይበላል። በ3200 ካነበብኩት ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ሳየው ለዓይኔ ልዩነት የለውም።

ልቤ የከጀለው ኒኮን ኩልስካን 9000ን ነበር። እሱ 4000 ሲል ወደዚያው የሚጠጋ ጥራት ይሰጣል። ግን መመረት ካቆመ ቆይቷል፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ፋየርዋየር በሚባለው የቆየ ገመድ ነው፣ የራሱ ሶፍትዌርም ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች አይሆንም። ሶፍትዌሩን ቪውስካን የሚባል የስካን ፕሮግራም ይተካዋል፤ ዕቃው ሲበላሽ ግን መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ተውኩት። ጥሩ ካሜራና ማክሮ ሌንስ ያለው ሰው ኔጋቲቩን ከጀርባው ብርሃን አብርቶ ፎቶ ቢያነሳው ከሁሉም ይፈጥናል፣ ካሜራውና ፊልሙ ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው እንጂ። እኔ ማክሮ ሌንስ ስለሌለኝ ቪ850ን ወሰድኩ።

አቧራን በኢንፍራሬድ የሚያጠፋው ዲጂታል አይስ ብዙ ሰው የሚገዛበት ምክንያት ነው። የቀለም ፊልም ላይ ግሩም ነው፤ ማቅለሚያው ኢንፍራሬድን ያሳልፋል፣ አቧራው ግን ይከለክላል፣ ስካነሩም በዚህ ይለየዋል። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ የተሠራው ከብር ስለሆነ እሱም እንደ አቧራው ብርሃኑን ይከለክላል፣ ስለዚህ አይሠራም። እንደ ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ያለ በቀለም ፊልም ኬሚካል የሚታጠብ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ችግር የለም። እኔ የማነሳው በብዛት የብሩን ስለሆነ፣ አየር መንፊያና ንጹሕ ጓንት ከዲጂታል አይስ ይልቅ ጠቅመውኛል።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ነገር ደግሞ ማንም ትኩረት የማይሰጠው የፊልም መያዣው ነው። የ120 ፊልም (የሚዲየም ፎርማት ፊልሙ) ሰፊ ስለሆነ መሐሉ ይጎብጣል። ቪ850 ደግሞ ፎከሱን ራሱ አያስተካክልም፤ ስለዚህ ፊልሙ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጥርት ማለቱ ይቀራል። ደግነቱ የመያዣው ከፍታ ይስተካከላል። አንዱን ጥርት ያለ ፍሬም በየከፍታው ስካን አድርጌ፣ የፊልሙ ግሬን (ምስሉን የሚሠሩት ደቃቅ ቅንጣቶች) ቁልጭ ብሎ የታየበትን መረጥኩና በዚያው ተውኩት። በዚህ የመጣው ለውጥ ዲፒአይ በመጨመር ከሚመጣው እጅግ ይበልጣል። ፊልሙን በፕላስቲክ ማስቀመጫው እንዳለ ከባድ መጻሕፍት ሥር ማሳደርም ይረዳል። የፊልሙ አንጸባራቂ ጎን ለስላሳ መስታወት ሲነካ የኒውተን ቀለበት የሚባሉት ሞገድ መሰል መስመሮች ይመጣሉ፤ የቪ850 መያዣ ይሄን የሚከላከል ገጽ አለው፣ ርካሽ መያዣዎች ግን የላቸውም።

በአንድ ሜትር ስፋት መታተም ያለበት ፎቶ ከመጣ ያንን ፍሬም ብቻ ለይቼ ድረም ስካነር (ፊልሙን በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ አድርጎ በከፍተኛ ጥራት የሚያነብ) ላለው ላቦራቶሪ እሰጣለሁ።