ከአብያ ክፍል ተነስቼ የልደቱን ቀን ስቆጥር

ልደት ታኅሣሥ 29 ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማከብረው ቀን ነው። የሥራ ባልደረባዬ ግን ጌታ የተወለደው በአይሁድ የዳስ በዓል ነው ብሎ ያምናል። እሱ ፕሮቴስታንት ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ። ከምሳ በኋላ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ወሬያችን ብዙ ጊዜ ወደዚህ ያዘነብላል። አንድ ቀን ወረቀት አውጥቶ ከሉቃስ ወንጌል እየጠቀሰ ቆጠረልኝ። ስሌቱ ያምራል። ያማረ ስሌት ደግሞ ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ራሴ ልቁጠረው ብዬ ተነሳሁ።

ከሥራ ስወጣና ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ነው የሠራሁት። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ባለ ካሬ ደብተርና የአይሁድን ቀን ወደ እኛ የሚቀይር የስልክ አፕ ይበቃል። ደብተሩ ባለ ካሬ የሆነው በምክንያት ነው። አንዱን ካሬ አንድ ሳምንት አድርጌ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ ማየት ፈልጌ ነበር።

መነሻው ሉቃስ 1፥5 ነው። ዘካርያስ «ከአብያ ክፍል» የሆነ ካህን ነበር። አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 24 ደግሞ ካህናቱ በ24 ክፍል እንደተመደቡ ይናገራል። ዕጣው ከዮአሪብ ይጀምራል፣ ስምንተኛው ለአብያ ይወጣል። እያንዳንዱ ክፍል ከሰንበት እስከ ሰንበት አንድ ሳምንት ያገለግላል። በሦስቱ ታላላቅ በዓላት፣ ማለትም በፋሲካ፣ በበዓለ ኀምሳና በዳስ በዓል፣ ሁሉም በአንድነት ያገለግላሉ።

አሁን ካሬዎቹን እንሙላ። የመጀመሪያው ወር ኒሳን ነው። አንደኛው ሳምንት የዮአሪብ፣ ሁለተኛው የዮዳኤ ይሆናል። ሦስተኛው ፋሲካ ስለሆነ የሁሉም ነው። ስለዚህ ተራው አንድ ሳምንት ይገፋል፤ አብያ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ይወድቃል። ኒሳን 30፣ ቀጣዩ ወር ኢያር 29 ቀን ስላላቸው ዘጠነኛው ሳምንት የሲዋን ወር መግቢያ ላይ ነው። አሥረኛው ሳምንት በዓለ ኀምሳ ነው። ዘካርያስ እሱንም አገልግሎ በሲዋን አጋማሽ ቤቱ ይገባል። ኤልሳቤጥ ትፀንሳለች። በስድስተኛው ወር መልአኩ ወደ ማርያም ይላካል። ያ ካሴሉ ነው፤ የመቅደስ መታደስ በዓል የሚውልበት ወር። ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሲቆጠር ሰባተኛው ወር ቲሽሪ ይመጣል። በመለከት በዓልና በዳስ በዓል መካከል፣ በእኛ መስከረምና ጥቅምት ግድም ማለት ነው። ባልደረባዬ ያሳየኝ ይህን ነው። ቁጥሩ ልክ ነው።

ነገር ግን አንድ ክፍል በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚያገለግለው። ሉቃስ የትኛው ዙር እንደሆነ አልነገረንም። ሁለተኛውን ዙር በዚያው ገጽ ላይ ቀጠልኩ። የዳስ በዓል ሳምንት ሲታከልበት አብያ 35ኛው ካሬ ላይ፣ በካሴሉ መግቢያ ይወድቃል። ከዚያ ስድስት ወር፣ ከዚያም ዘጠኝ ወር። ልደቱ ፋሲካ አካባቢ ሆኖ ቁጭ አለ! እዚህ ገጽ ላይ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ልደቱን ከዳስ በዓል ጋር ማያያዝ ደስ የሚለው ሰው «ቃልም ሥጋ ሆነ፣ በእኛ አደረ» ይላል። ሁለተኛውን ዙር የመረጠ ሰው ደግሞ የእግዚአብሔር በግ በበጉ ወቅት ተወለደ ይላል። ሁለቱም ያምራሉ። ሁለቱም ከአንድ ደብተር ነው የወጡት።

ሌላም አለ። ተራው በየዓመቱ ከኒሳን እንደ አዲስ ይጀምራል ያለን የለም። ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ 24 ሳምንት 168 ቀን ነው፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው። አይገጥሙም። እንግዲያው የአብያ ሳምንት በየዓመቱ ይንሸራተታል። የአይሁድ ታልሙድ ቤተ መቅደሱ በፈረሰበት ዕለት ተረኛው ዮአሪብ ነበር ይላል። ይህን ይዘው ቤተ መቅደሱ ከፈረሰበት ከ70 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ የሚቆጥሩ አሉ። እነሱ ግን ወሩን ለማወቅ መጀመሪያ ዓመቱን ማወቅ አለባቸው።

ዓመቱስ? ማቴዎስ በሄሮድስ ዘመን ተወለደ ይላል። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ሄሮድስ የሞተው ከጨረቃ ግርዶሽ በኋላ፣ ከፋሲካ በፊት እንደሆነ ጽፏል። ብዙዎቹ ሊቃውንት ይህን ግርዶሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከልደት በፊት 4፣ ማርች 13 የታየው ነው ይላሉ። ጥቂቶች ደግሞ ከልደት በፊት 1፣ ጃንዋሪ 10 የታየውን ይመርጣሉ። ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያስገድል ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትን ስለነበር ልደቱ ከሞቱ በፊት እስከ ሁለት ዓመት ሊርቅ ይችላል። ሉቃስ 3 ደግሞ በጢባርዮስ 15ኛ ዓመት ዮሐንስ ማጥመቅ እንደጀመረና ጌታ ሠላሳ ዓመት ያህል እንደነበረው ይናገራል። ከጢባርዮስ በፊት የነገሠው አውግስጦስ የሞተው በ14 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ይህ 28 ወይም 29 ይሆናል። «ያህል» የምትለዋ ቃል ሁለት ሦስት ዓመት ታላውሳለች። ከዚህ በላይ ማጥበብ አልቻልኩም። ከዚህ በላይ አጠበብኩ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የትኛውን ግርዶሽ እንደመረጠ እጠይቀዋለሁ።

ለሚቆጥር ሰው አንድ ማሳሰቢያ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዜሮ ዓመት የለም። ከልደት በፊት 1 እንዳለቀ 1 ዓ.ም. ይገባል። የዳንኤልን ሱባዔ ከልደት በፊት ከ457 ተነስተው 483 ዓመት የሚቆጥሩ ሰዎች 27 ላይ የሚደርሱት ለዚህ ነው። በተራ ሒሳብ 26 ይመጣ ነበር። የአይሁድ ቀን ደግሞ የሚጀምረው ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስልኩ የሚሰጥህ ቀን የዋዜማውን ማታ ጨምሮ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ስንት ስሌት ይበላሻል።

ይህን ሁሉ ይዤ አራት ኪሎ አካባቢ የቤተ ክርስቲያናችንን የበዓላት አቆጣጠር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ወደሚያስተምሩ የኔታ ሄድኩ። ደብተሩን ገልጠው አዩት። ጣታቸውን ካሬዎቹ ላይ እያንሸራተቱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ይህንን ማን አስተማረህ?»

«ራሴ ነኝ፣ የኔታ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው።»

«ደግ። እስኪ አሁን የዘንድሮን መጥቅዕ አውጣልኝ።»

ዓመቱ 2018 ነበር። ከአዳም እስከ ልደት የሚቆጠረው 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትተን ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፣ ሆኑ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18።

«በዓለ መጥቅዕ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ዘሌዋውያን 23 ላይ በሰባተኛው ወር መባቻ መለከት የሚነፋበት በዓል ነው። የአይሁድ አዲስ ዓመት። ይኸው ስንት ዘመን ጾምና በዓላችንን ስናወጣ የአይሁድን ጨረቃ በጃችን ይዘን ነበር። ኦቶ ኖይገባወር የተባሉ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅም የኢትዮጵያን ባሕረ ሐሳብ መርምረው በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ አሳይተዋል።

ስልኬን አወጣሁ። በ2018 የአይሁድ አዲስ ዓመት መስከረም 13 ነበር። የእኛ መጥቅዕ 18። አምስት ቀን ልዩነት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ይተርፋል። ይህ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። የባሕረ ሐሳብ ሠንጠረዥ ከተሠራበት ዘመን ወዲህ አምስት ቀን ያህል ተጠራቅሟል። አቆጣጠሩን የሚያምር የሚያደርገው ለእኔ ይህ ነው፤ ስህተቱ ራሱ ዕድሜውን ይነግርሃል።

የኔታ ስለ ልደትም ነገሩኝ። መስከረም 26 የዮሐንስ ፅንሰት ነው። ስድስት ወር አልፎ መጋቢት 29 ብሥራት ነው። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሲሞላ ታኅሣሥ 29። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም ለዚህ ነው። ጳጉሜን አንድ ቀን ስለጨመረች 275ቱ ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል። ይህን በልጅነቴ ማንም አላስረዳኝም ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅም በ386 እ.ኤ.አ. በአንጾኪያ ሲሰብክ ዘካርያስ ያጠነው በሰባተኛው ወር ነው ብሎ በዚሁ መንገድ ቆጥሯል። ስለዚህ አባቶችም የተነሱት ከሉቃስ ነው። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው።

«የኔታ፣ እንግዲህ የትኛው ነው ትክክሉ?» አልኳቸው።

«እኛ የምንቆጥረው ሁላችንም በአንድ ቀን እንድናከብር ነው ልጄ። ሌላውን እሱ ያውቃል።»

ስለ ምጽአት ያለውን ክፍል የጻፍኩት ከዚህ በኋላ ነው። በ2018 መስከረም ላይ ከደቡብ አፍሪካ የተነሳ ትንቢት ቲክቶኩን ሞልቶት ነበር። ጌታ በመለከት በዓል፣ መስከረም 13 ወይም 14 ይመጣል ተባለ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች እንቅልፍ አጥተዋል። አንዲት ዘመዴ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልላክ አልላክ ብላ ደውላልኛለች። በጣም አዘንኩ። የመለከቱ በዓል በኢየሩሳሌም አቆጣጠር 13፣ በአክሱም ልጆች አቆጣጠር 18 ነው። ጨረቃዋን በዓይን አይተው ወር የሚይዙት ቀራውያን አይሁድ ደግሞ አንዳንዴ በቀን፣ አንዳንዴ በወር ይለያሉ። በ1844 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዊው ሰባኪ የዊልያም ሚለር ተከታዮች የማስተስረያው ቀን በቀራውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ነው ብለው በዚያ ዕለት ጌታን ጠበቁ። በዚያው ዓመት ምኩራቦች ያንን ቀን ሴፕቴምበር 23 አክብረው ጨርሰው ነበር። ብዙዎቹ የሚለር ተከታዮች እርሻቸውን ሳይሰበስቡ ቀሩ፤ ማግስቱን እንዴት እንዳለቀሱ ራሳቸው ጽፈዋል።

በግርዶሽ ጊዜ ቀልታ የምትታየው የደም ጨረቃም ነገር እንዲሁ ነው። በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. አራት የጨረቃ ግርዶሾች በአይሁድ ፋሲካና በዳስ በዓል ላይ ዋሉ። የመጨረሻው የእኛ መስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 2008 ንጋት ላይ ነበር። ብዙ ተሰበከበት። ፋሲካም ዳስም የሚውሉት በወሩ 15ኛ ቀን፣ ጨረቃ ስትሞላ ነው። የጨረቃ ግርዶሽም ጨረቃ ስትሞላ ብቻ ነው የሚሆነው። ሁለቱ መገናኘታቸው ብርቅ አይደለም።

«ያችን ቀንና ሰዓት የሚያውቅ የለም» የሚለውን ቃል የመለከት በዓልን ለመጠቆም ነው የሚሉም አሉ፤ ጨረቃዋ ካልታየች ቀኑ ስለማይታወቅ። ባልደረባዬ ይህን ይወደው ነበር። እኔ አልቀበለውም። የጨረቃዋ ጥርጣሬ የአንድ ቀን ነው። ማርቆስ 13፥32 ግን የሰማይ መላእክት እንኳ አያውቁም ይላል። መላእክት ጨረቃ ወጣች አልወጣች ብለው አይጠራጠሩም።

በእኛም ዘንድ «ስምንተኛው ሺህ» እየተባለ ሰው ይፈራል። ደምረው እዩት፤ 5500 እና 1500 ሰባት ሺህ ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘመዴን ያረጋጋኋት በዚህች ድምር ነው። ልጆቹን ላከቻቸው።

ባልደረባዬ አሁንም የዳስ በዓልን አልለቀቀም፣ እኔም ታኅሣሥ 29ን። ደብተሩን ግን አብረን ነው የምንሠራው። አሁን የያዝነው የሄኖክንና የኩፋሌን የ364 ቀን ዓመት ነው። በሙት ባሕር አጠገብ የነበረው የአይሁድ የቁምራን ማኅበር ካህናቱን በዚህ አቆጣጠር መድቦ ነበር። 364 ልክ 52 ሳምንት ነው። በስድስት ዓመት 312 ሳምንት ይሆናል፣ ለ24 ክፍል ሲካፈል እያንዳንዱ 13 ጊዜ ይደርሰዋል፣ ትርፍ የለውም። በቁምራን ጽሑፎች መሠረት ዙሩ ከጋሙል ክፍል ይጀምራል። የአብያን 13 ሳምንታት ደብተሩ ላይ አውጥተን ከሉቃስ ጋር ማስተያየት ይቀረናል።