የበርሊን ግንብ የተከፈተበትን ሌሊት ለተማሪዎቼ እንዴት አቀረብኩት?

አዲስ አበባ ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። ምዕራብ በርሊንን ከምሥራቅ ጀርመን ይለይ የነበረው የበርሊን ግንብ የተከፈተበትን ሌሊት ማታ ላይ፣ ነገሩ የሆነበትን ሰዓት ተከትዬ ለተማሪዎቼ ማቅረብ ፈለግሁ። ተሳክቶልኛል። መሃል ላይ የገጠመኝ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። ይህን የሚያስብ ሌላ መምህር ካለ አስቀድሞ ይወቀው።

ዝግጅቱ አላስቸገረኝም። ፎቶ አሳተምኩ፣ ካርታ ሠራሁ፣ ንባቡን ለተማሪዎች አከፋፈልኩ።

ብዙ ጊዜ የሚነገረን ከመንስኤ ጀምሩ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት፣ የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበረው ጎርባቾቭ፣ የኢኮኖሚ ቀውስ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሌሊቱ ጀምሩ፤ መንስኤውን ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቋችኋል።

ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ለምሽቱ 1 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣን ጉንተር ሻቦቭስኪ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንድ ወረቀት አነበበ። ዜጎች ወደ ውጭ መጓዝ ይችላሉ ይላል። ደንቡ ለማግስቱ የታሰበ ነበር፤ ሰው ቪዛ እየጠየቀ በሥርዓት እንዲወጣ። ሻቦቭስኪ ይህን አላወቀም። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሉት ወረቀቱን አገላብጦ፣ እኔ እስከማውቀው አሁኑኑ ነው አለ።

ሕዝቡ በግንቡ ላይ ወደነበሩት የድንበር ኬላዎች ጎረፈ። የቦርንሆልመር ጎዳና ኬላ ተረኛ መኮንን ሃራልድ ዬገር ወደ አለቆቹ ደጋግሞ ደወለ። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው አላገኘም። በኋላ፣ በጣም የሚጮኹትን አሳልፍ፣ ግን የመታወቂያቸው ፎቶ ላይ ማኅተም ምታ ተባለ። ያ ማኅተም ያረፈበት ሰው ወደ አገሩ አይመለስም። የሚወጡት ሰዎች ግን ይህን አያውቁም። ልጆቻቸውን ቤት ትተው ለአፍታ የተሻገሩ ባልና ሚስት ሲመለሱ አትገቡም ተባሉ። ዬገር ትዕዛዙን ተላልፎ አስገባቸው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ በሩን በሙሉ አስከፈተ። 155 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ቢያንስ 140 ሰዎች የሞቱበት ግንብ ያለ አንዲት ጥይት ተከፈተ።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ። ለትምህርት ቤታችን ቅርብ የሆነ የሕዝብ አዳራሽ አለ። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም ደብዝዟል፣ ይታደስ ተባለ። አሳደስኩ። የፎቶዎቹ ዝርዝር በሦስት ኮፒ ይምጣ ተባለ። አመጣሁ። ኃላፊው ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ቀና አሉ።

«መምህር፣ ይሄ ነገር ፖለቲካ አለው እንዴ?»

«ታሪክ ነው» አልኳቸው።

«ታሪክ ከሆነማ ለምን በማታ?»

ሰዓቱን መከተል ለምን እንደፈለግሁ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ የበላይ አካል ይየው ብለው ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የበላይ አካል የተባለው ቢሮ ደግሞ ይህ የአዳራሹ ሥልጣን ነው ብሎ መለሰኝ። አይሆንም ያለኝ ሰው የለም። ቢከለክሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ወዲያው ሌላ ቦታ እፈልግ ነበር። በመጨረሻ የተፈቀደልኝ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው፤ ያውም በትምህርት ቀን።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያኔ በምሥራቅ ጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ ተማሪ የነበሩ አንድ አባት ሊናገሩልኝ ቃል ገብተው ነበር። ግንቡ ከመከፈቱ አንድ ወር በፊት፣ መስከረም 29፣ በዚያች ከተማ 70,000 ያህል ሰው መንግሥትን ለመቃወም አደባባይ ወጥቷል። ሰልፈኞቹ ሻማ ይዘው ነበር። ሻማ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዘዋል፣ አንዱ ከነፋስ ይከልለዋል፤ ለድንጋይ የሚተርፍ እጅ የለም። ሰውዬው ይህን እጃቸውን ዘርግተው ሲያሳዩኝ ልጆቹ ቢያዩ ብዬ ጓጓሁ። እኔ ከቢሮ ቢሮ ስል ጊዜው አለፈና ልጃቸው ወዳለበት አገር ሄዱ።

ዝግጅቱን ያዳነው አንድ ካፌ ነው። ባለቤቱ የኋላውን ክፍል ያለ ምንም ወረቀት ሰጠን። ወላጆችም መጡ። የዬገርን ክፍል ያነበበችው ልጅ ስትጨርስ፣ አንዱ ተማሪ «ለምን አልተኮሰም?» ብሎ ጠየቀ። ክርክሩ የዚያን ጊዜ ጦፈ። አንዱ ፈርቶ ነው አለ፤ ሌላዋ የሚያዘው ስላጣ ነው አለች። ከመንስኤ ጀምሬ ቢሆን ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘውን እዚያው አነሳሁ። ምሥራቅ ጀርመን በ1977 እ.ኤ.አ. የቡና እጥረት ሲገጥማት ለደርግ መሣሪያ እየሰጠች ቡናችንን ትወስድ ነበር። ያ ወዳጅ ሲፈርስ ደርግ አንድ ድጋፍ አጣ። በየካቲት 1982 ምፅዋ ከእጁ ወጣች፤ በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ደርግን የጣለው የበርሊን ግንብ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ለእኔ ማጋነን ነው። ደርግ የወደቀው እዚሁ አገር ውስጥ በተደረገ ጦርነት ነው። የበርሊኑ ሌሊት የወሰደበት ከውጭ የሚደግፈውን ነው። ይህን ልዩነት ለልጆች በግልጽ ንገሯቸው።

ምክሬ አጭር ነው። በተቻለ መጠን ደብዳቤ የሚጠይቅ አዳራሽ አትያዙ። የግድ ከሆነ ደብዳቤያችሁን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር ተቀበሉ፤ መልስ የሚሰጡበትን ቀንም አስጽፉ። የዓይን ምስክር ካገኛችሁ አዳራሽ እስኪገኝ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን በስልካችሁ ቅረጹ። በሰዓት የተከፋፈለው ንባብና ፎቶዎቹ እኔ ጋ አሉ፤ ለሚፈልግ መምህር እሰጣለሁ።