«እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር»

አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ በአንድ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ በገንዘብ ተቀባይነት በምሠራበት ጊዜ፣ የፈረቃዬ የመጀመሪያ ተግባር ከሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ እየተላቀቀ የሚወድቀውን የአርማታ ቅርፊት መጥረግ ነበር። አንዳንዱ መዳፍ ያህላል። ቀና ብዬ ስመለከት የተላቀቀበት ቦታ ላይ የዛገ ፌሮ ይታየኛል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከዚያው ቦታ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከእኔ በፊት ለዓመታት እዚያ የሠሩትን ያገሬን ሰው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለኃላፊው መነገር የለበትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። ጥያቄውን በዚያው ተውኩት። እውነቱን ለመናገር፣ መልሳቸው ካሳመነኝ ይልቅ የተመቸኝ ይበልጣል፤ ቅርፊቱን አፍሼ ከጣልኩና ቢጫውን ኮን ካቆምኩ በኋላ ሥራዬን የጨረስኩ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ቀን 2007፣ ረቡዕ ምሽት 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ፣ ሚሲሲፒ ወንዝን የሚያሻግረው የ35 ደብልዩ አውራ ጎዳና ድልድይ ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ተደረመሰ። በወደቀው ክፍል ላይ 111 ተሽከርካሪዎች ነበሩ፤ 13 ሰዎች ሞቱ፣ 145 ሰዎች ቆሰሉ። 52 ልጆችን ከሽርሽር ይመልስ የነበረ አውቶቡስ የድልድዩን ጠርዝ ተደግፎ በመቅረቱ ሁሉም ከነሕይወታቸው ወጡ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከቲኬት መቁረጫዋ ጠባብ ክፍል ሆኜ አስብ የነበረው፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መውጫውን የከፈትኩላቸውን ደንበኞች ነበር። ከመካከላቸው ወደ ሰሜን የሚሄዱትን አውቃቸዋለሁ፤ «ደህና እደር» ብለውኝ የወጡበት ድምፅ እንኳ ከጆሮዬ አልጠፋም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስገባ በመጀመሪያ ያደረግሁት የወርሃዊ ደንበኞችን ዝርዝር ይዤ በየፎቁ እየዞርኩ መኪኖቻቸውን መቁጠር ሆነ። የአንዱ ብቻ ጠፍቶብኝ ቆየሁና፣ ለካ አዲስ መኪና ገዝቶ ኖሯል።

ከድልድዩ አጠገብ የሚገኘው ሴዳር ሪቨርሳይድ የሶማሌ፣ የኦሮሞና የሌላም የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ነው። ስልኩ በመጨናነቁ ምክንያት ሰው ዘመዱን በእግሩ ይፈልግ ነበር። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለነበር፣ ወሬው እዚያ የደረሰው ሲነጋ ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቶቻችን በየተራ እየደወሉ፣ ደህና መሆናችንን ከነገርናቸውም በኋላ «ድምፅህን ልስማው» ይሉን ነበር። ከሟቾቹ መካከል የሶማሌ ተወላጅ የሆኑ እናትና ልጅ ይገኙበታል። የመጨረሻው አስከሬን ከወንዙ የወጣው ከሃያ ቀን ገደማ በኋላ፣ በፍልሰታ ጾም መገባደጃ ላይ ስለነበር፣ ያን ዓመት በኪዳንና በቅዳሴ ስንሰበሰብ ወሬያችን ሁሉ ስለ ወንዙ ነበር። ታክሲ የሚነዱ ወዳጆቻችን ድልድይ ሲደርሱ መስኮት ዝቅ ማድረግ ጀመሩ።

ደንበኞቼም ተለወጡ። ለዓመታት ቀና ብለው አይተው የማያውቁት ሰዎች ጣሪያውን እያዩ፣ «ይሄስ ሕንፃ ደህና ነው?» ይሉኛል። አንዲት ነርስ መኪናዋን ኮኑ አጠገብ አቁማ ይህንኑ ስትጠይቀኝ፣ «ድሮም እንዲሁ ነው» የሚለው መልስ ከአፌ ሊወጣ ደርሶ አፈርኩ። ያን ዕለት ማታ ቦታውን፣ የቅርፊቱን ስፋትና ከመቼ ጀምሮ እንደምጠርገው በወረቀት ጽፌ ለኃላፊው ሰጠሁት። ፊቱን አጨፈገገ፤ የከበደው ጉዳዩ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ቀን መጻፉ ይመስለኛል። በሳምንቱ አንድ መሐንዲስ መዶሻ ይዞ መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ ሶሌታውን ሲመታ ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ደግሞ እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል፤ ባስተጋባ ቁጥር በጠመኔ ይከብበዋል። እኔ ስጠርገው የኖርኩት አንድ ጥግ ሲሆን፣ ክቡ ግን እስከ መወጣጫው ድረስ ዘለቀ። 11 የማቆሚያ ቦታዎች በዚያው ቀን ተዘጉ።

የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ስለ ድልድዩ ያካሄደውን ምርመራ ያጠናቀቀው በ2008 በፈረንጆቹ ኅዳር ወር ነው። ዋናው ምክንያት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ንድፉ ሲሠራ የተፈጸመ ስህተት ነበር፤ የብረቶቹን መጋጠሚያ ይዘው የነበሩት አንዳንድ ላሜራዎች ግማሽ ኢንች ብቻ ነበሩ፣ ሊኖራቸው የሚገባው ውፍረት ግን የዚያ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ በዓመታት የተጨመረው ክብደትና በዕለቱ ለጥገና የተከመረው አሸዋና ጠጠር ተደራረበበት። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። በፈረንጆቹ 2003 የተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ላሜራዎቹ ጎብጠው ይታያሉ፤ ያየውም ባለሙያ ነበር፣ ግን ድልድዩ ሲገጠም ጀምሮ የነበረ አድርጎ ወስዶታል። መጉበጡ የመውደቁ ምክንያት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያቺን የጋሼን ቃል እዚያ የማገኛት አልመሰለኝም ነበር።

ታሪኩን ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ምንም አልመለሱም። በቲኬት ክፍላችን ያየነውን ሁሉ የምንመዘግብበት ደብተር አስቀምጠን ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈረቃ ስቀበላቸው ገልጬ ባይ፣ በዚያ በቁም ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው አጠገብ፣ ስንጥቅ። እኔ ስመጣ አልነበረም።»