ለንደን ላይ ከቁማር ቤት ራሴን ያስባረርኩት እንዲህ ነው

ዕቁቡ የ20 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 200 ፓውንድ። በ2022 ዕጣው በዘጠነኛው ሳምንት ወጣልኝና 4,000 ፓውንድ እጄ ገባ። መኪና ልገዛበት ነበር። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ ስልኬን ከፈትኩ። ቅዳሜ ጠዋት የቀረኝ 1,350 ነበር። የምከፍለው ደግሞ ገና 11 ሳምንት ነበረኝ።

ለዕቁቡ ዳኛ ደወልኩ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አልኩ። ዝም አሉ። ከዚያ «ቁማር ነው አይደል?» አሉኝ። በዚያ ዓመት እንዲህ ብሎ የደወለላቸው ሁለተኛው ሰው እኔ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ፋታ ሰጡኝ። «ከኔ ፋታ ይልቅ ግን በሩን ዝጋው። እዚህ አገር በሕግ ይዘጋል» አሉ። እንዴት እንደሚዘጋ እሳቸውም አያውቁም ነበር።

ነገሩ የጀመረኝ በስልክ አልነበረም። 2014 ለንደን ስገባ የምኖርበት ሰፈር ዋና መንገድ ላይ ውርርድ ቤቶች በሽ በሽ ነበሩ። ለምን እንደበዙ የገባኝ በኋላ ነው። ሕጉ ለአንድ ሱቅ ከአራት የቁማር ማሽን በላይ አይፈቅድም። ማሽን ማብዛት ካልተቻለ ሱቅ ማብዛት ነዋ! በዚያን ጊዜ ማሽኑ ላይ ሩሌት በአንድ ዙር እስከ 100 ፓውንድ ይያዝ ነበር፤ ዙሩ 20 ሰከንድ ነው። ሻይ አፍልተህ ሳትቀዳ የወር ደመወዝህን መበላት ትችላለህ። ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ ከኤፕሪል 1 ቀን 2019 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 2 ፓውንድ ወረደ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ቁማሩ ግን ከሱቁ ወጥቶ ኪሴ ገባ። ያው የማሽን ጨዋታ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ በሕግ የተቀመጠ ጣሪያ አልነበረውም። እሱ የመጣው በ2025 ነው፤ ያውም ለስሎት፣ ማለትም ምስሎች እየተሽከረከሩ ለሚገጥሙበት ጨዋታ ብቻ፦ በኤፕሪል ለሁሉም 5 ፓውንድ፣ በሜይ ደግሞ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት 2 ፓውንድ።

አንድ ነገር ግን አትርፎኛል። ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መቆመር ክልክል ነው። የተበላሁት የራሴን ብር እንጂ የባንክ ብድር አይደለም። ክሬዲት ካርዱ ቢሠራልኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው።

ወደ በሩ ልመለስ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጋምስቶፕን ነው፤ ራስህን ከኢንተርኔት ቁማር የምታሳግድበት መዝገብ ነው። ነፃ ነው። በኢንተርኔት ትመዘገባለህ፤ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ወይም አምስት ዓመት ትመርጣለህ። በብሪታንያ የቁማር ኮሚሽን ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔት አቋማሪዎች በሙሉ ከማርች 31 ቀን 2020 ጀምሮ እዚህ ውስጥ የመግባት ግዴታ አለባቸው። አንዴ ከተመዘገብክ በመሃል ልተወው ብትል አይሰማህም። ቀኑ ቢሞላም በራሱ አይነሳም፤ ራስህ ጠይቀህ ነው የሚነሳው። አምስት ዓመት የሚለውን ነካሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አላጋንንም።

አለቀ ብዬ ተኛሁ። አላለቀም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአንድ አቋማሪ ድርጅት ኢሜል መጣ። ነፃ ውርርድ አለህ ይላል። የሚጀምረው «ሚስተር ማርያም» ብሎ ነው። እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ ስም ኃይለማርያም ነው። አገር ውስጥ አንድ ቃል ነው። እዚህ ስመጣ የመኖሪያ ፈቃዴን የሞላው ሰው ለሁለት ከፈለውና «ኃይለ» የመሃል ስም፣ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ሆነ። በኋላ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አንድ ላይ አጻፍኩት። ስለዚህ ለንደን ውስጥ ሁለት ሰው ነኝ። ጋምስቶፕ ላይ የተመዘገበው ኃይለማርያም ነው። በድሮው መታወቂያ፣ በድሮ ኢሜልና በድሮ አድራሻ የተከፈተው አካውንት ግን የማርያም ነው። መዝገቡ ሰውን የሚያዛምደው በስም፣ በልደት ቀን፣ በአድራሻ፣ በኢሜልና በስልክ ነው። ማርያምን የሚያግደው አልነበረም።

ማርያም በዚያች ሌሊት 180 ፓውንድ ተበላ።

አቤቱታ አቀረብኩ። አካሄዱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ ትጽፋለህ። ስምንት ሳምንት ይሰጠዋል። ካልተስማማችሁ ለደንበኛው ነፃ ወደሆነ ገለልተኛ ዳኛ ትሄዳለህ። ለኮሚሽኑ ብትጽፍ ገንዘብህን አያስመልስልህም፤ እሱ የሚቆጣጠረው የድርጅቶቹን ፈቃድ ነው። ይህን ሳላውቅ ለኮሚሽኑ ረጅም ደብዳቤ ጽፌ አንድ ወር አቃጥያለሁ። ድርጅቱ በመጨረሻ «የሰጡን መረጃ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም» አለኝ። ተናደድኩ። ግን እውነቱን ነው፤ አይገጥምም። ገለልተኛው ዳኛም እንደዚያው አለ። 180ዋ ቀረች።

ከዚያ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ሥራ ነው ዋናው። ወረቀት አወጣሁና ስሜ በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘረዘርኩ። አራት ሆኑ። የኖርኩባቸውን ቤቶች ፖስታ ኮድ፣ የጣልኳቸውን ስልክ ቁጥሮች፣ የረሳኋቸውን ኢሜሎች ጨመርኩ። የልደት ቀኔን ሳይቀር አጣራሁ፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ በአንድ ቀን የሳተበት ወረቀት አገኘሁ። ሁሉንም ለጋምስቶፕ ሰጥቼ መረጃዬን አሳደስኩ። የሐበሻ ስም ያለው ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ይህን ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ነው ያደረግሁት።

ጋምስቶፕ ለኢንተርኔት ብቻ ነው። ለውርርድ ሱቆቹ ሞሰስ የሚባል ሌላ አሠራር አለ። ስልክ ትደውላለህ፤ በቤትህና በሥራህ አካባቢ ያሉትን ሱቆች ትመርጣለህ፤ ፎቶህን ትልካለህ። ቢያንስ ለአንድ ዓመት ትታገዳለህ። ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ነው በፎቶህ አይቶ የሚለይህ። አንዴ ልሞክር ብዬ ገባሁ። ልጁ ከመስታወቱ ጀርባ ወጣና ቀስ ብሎ «ወንድሜ፣ እዚህ መሆን የለብህም» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበትም፣ የቀለለኝም ቀን የለም።

ባንኩ ደግሞ ሦስተኛው በር ነው። ካርድ የሚያስከፍል ሁሉ የሥራ መለያ ቁጥር አለው፤ የቁማር 7995 ነው። በባንኬ መተግበሪያ ውስጥ አንዲት ማጥፊያ አለች፤ ስትነካት ካርዱ ለዚህ ቁጥር አይከፍልም። ልክፈተው ብትል የኔ ባንክ 48 ሰዓት ያስጠብቃል። 48 ሰዓት ለቁማርተኛ ዘመን ነው። ቀዳዳዋ ግን ይህች ናት፤ የምታግደው ካርዱን እንጂ ከአካውንት ወደ አካውንት የሚላከውን ገንዘብ አይደለም።

ይህን ቀዳዳ የሚያውቁ አሉ። ኢንተርኔት ላይ «ጋምስቶፕ የሌለበት» እያሉ የሚያስተዋውቁ ገጾች ሞልተዋል። ፈቃዳቸው ከሌላ አገር ነው፤ ብታሸንፍም ላይከፍሉህ ይችላሉ፤ አቤት የምትልበትም የለህም። የብሪታንያ ፈቃድ ያለው ድርጅት ከገጹ ሥር ይጽፈዋል፤ በኮሚሽኑ መዝገብም ስሙ ይገኛል። አንድ ሌሊት ከእነዚያ ገጾች አንዱ ላይ ስሜን እስከመሙላት ደርሻለሁ። የቤተሰብ ስም ሲለኝ «የትኛውን?» ብዬ ቆም አልኩ። ሳቄ መጣ፤ ዘጋሁት።

ባለፈው ወር የሱቁን እገዳ ለማሳደስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የድሮውን የሱቆች ዝርዝር አነበበችልኝ። ሁለቱ ተዘግተዋል፤ አንዱ አሁን ፀጉር ቤት ነው፤ እዚያ ነው የምቆረጠው። ከዚያ «ስምዎን ፊደል በፊደል ይንገሩኝ» አለች። አንድ ላይ ተጽፎ ነገርኳት። «ሌላም አለኝ» አልኩና ተለያይቶ የሚጻፈውን ጨመርኩላት።