ወፍ ሳይ ዋልኩ

እሁድ ማለዳ ከጅማ ወጥቼ፣ ሰርቦን አልፌ ግልገል ጊቤ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ዳር ወረድኩ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት የሚሰጠን ውሃ፣ የወፎችም ሰፈር ሆኗል። በውሰት ያገኘኋት መነጽር አንድ ዓይኗ ጉም ለብሷል። ያው በግራ ዓይኔ ብቻ አየሁ በሉት።

ሰኔ ሊገባ ሲል ስለሆነ ሐይቁ ገና አልሞላም። ዳሩ ጭቃ፣ መሃሉ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። በበጋ ከአውሮፓ የሚመጡት ዳክዬዎች ለመራባት ወደ ሰሜን ተመልሰዋል። ጊዜ አመራረጥ ላይ ጎበዝ አይደለሁም።

ግን አንዲት ዓሣ አጥማጅ ወፍ ካሰችኝ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ከእርግብ የምታንስ። ውሃው አናት ላይ አየር ላይ ቆመች። ክንፏ ይርገበገባል፣ ራሷ ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ጭልጥ ብላ ገባች። ባዶ! አራቴ ሞክራ አራቴ ባዶ። በአምስተኛው የጣት ቁመት የምታህል ዓሣ ይዛ ወጣች። ቅርንጫፍ ላይ ሁለቴ ደበደበቻትና በጭንቅላቷ በኩል ዋጠቻት።

አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ለዚህ ይከፈልዎታል?» አለኝ።

«ኧረ የመኪና ከፍዬ ነው የመጣሁት።»

በጣም አዘነልኝ። ከዚያ በዱላው ከራሴ በላይ ያለውን ዛፍ አሳየኝ። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ በል ንስር! ለካ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ ነበር።